ገጹን ይዛችሁ ኑ፦ ስለ ልብ ወለድ የሚጥም ጨዋታ እንዴት ይጀመራል?

አንድ ሰው ልብ ወለድ ጨርሶ ይመጣል። ሲያነብ እንዳደረ ዓይኑ ይናገራል። «እሺ፣ እንዴት ነው?» ትሉታላችሁ። «ኧረ ምርጥ ነው! የግድ አንብቡት» ይላል። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። «እሺ፣ እናነበዋለን» ትላላችሁ፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ስሜት በሁለት ቃል ያልቃል። ይሄ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ሰውየው የሚለው አጥቶ አይደለም። ውስጡ ሞልቷል። ችግሩ ጥያቄው ነው። ጥያቄው ፍርድ ጠየቀው፣ እሱም ፈረደ፣ አለቀ።

ለዓመታት ከጓደኞቼ ጋር መጽሐፍ እያነበብን ስናወራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ፍርዳችሁን ሳይሆን ገጹን ይዛችሁ ኑ። «ወድጄዋለሁ» ወይም «አልተመቸኝም» ከማለታችሁ በፊት መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቦታ በጣት አሳዩ። «እዚህ ጋ፣ ልጅቷ በሩን ዘግታ ስትመለስ» በሉ። ሌላው ሁሉ፣ የደራሲው ሕይወትም በሉት፣ የአሳታሚዎች ነገርም በሉት፣ ዘንድሮ ምን ዓይነት ልብ ወለድ እንደበዛም በሉት፣ ከዚያች ገጽ ተነስቶ ሲመጣ ነው የሚጥመው። እንዴት እንደሚሆን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስታነቡ ምልክት አድርጉ

ጨዋታው የሚጀምረው ሰው ሳይኖር፣ ብቻችሁን ስታነቡ ነው። እርሳስ ያዙ። መጽሐፉ የሰው ከሆነ ወይም መጽሐፍ ላይ መጻፍ ካልወደዳችሁ ቁራጭ ወረቀት በገጾቹ መሀል አስገቡ፣ ወይም ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ግን ብዙ አታስምሩ! ገጹ ሁሉ ከተሰመረ በኋላ ያቺ ልባችሁን የነካችው ዓረፍተ ነገር የቷ እንደነበረች ራሳችሁም አታገኟትም። እኔ ለአንድ ልብ ወለድ ከአምስት ወይም ከስድስት ቦታ በላይ ምልክት አላደርግም።

ምን ላይ? መጀመሪያ፣ ቆም ብላችሁ መልሳችሁ ያነበባችሁት ቦታ ላይ። ለምን እንደቆማችሁ ባታውቁትም ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ፣ ገጸ ባሕርዩ ያልጠበቃችሁትን ነገር ያደረገበት ቦታ ላይ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ የሰለቻችሁ ቦታ ላይ። ገጽ መዝለል ያማራችሁ፣ «ስንት ገጽ ቀረው?» ብላችሁ ወደ ኋላ የገለጣችሁበት ቦታ ላይ። ሰው የሰለቸውን መናገር ያፍራል፣ ያልገባው ይመስለዋል። እኔ ግን ጥሩ ጥሩ ጭውውቶች ከዚያ ሲነሱ ነው ያየሁት። አንድ ጊዜ ስለ አንድ አሮጌ ቤት የሚተርክ ረጅም ምዕራፍ አሰልችቶኝ «እዚህ ጋ ልተወው ነበር» አልኩ። አንዲት ጓደኛችን ገረማት። እሷ ያለቀሰችው እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ክፍል፣ እያንዳንዱ መስኮት እንደዚያ በዝርዝር የተነገረው ቤቱ በኋላ ሲሸጥ ምን እንደሚጠፋ እንድናውቅ ነው አለችኝ። ቤቷን ያጣች ሰው ናት። ተመልሼ አነበብኩት። ልክ ነበረች፣ ቢሆንም አሁንም አራት ገጽ ቢቀነስለት ይሻል ነበር ባይ ነኝ። በዚህ እስከዛሬ አልተስማማንም።

ምልክቱ አጠገብ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ለምን ዝም አለ?» ወይም «እናቱ ታውቃለች?» ይበቃል። ያለዚያ ከሳምንት በኋላ መስመሩን ታያላችሁ፣ ለምን እንዳሰመራችሁት ግን አታስታውሱም።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። የገጽ ቁጥር ብቻ አትያዙ። አንድ ልብ ወለድ በተለያየ ጊዜ ሲታተም ገጹ ይቀያየራል። በስልክ ወይም ኪንድል በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚያነብ ሰው ደግሞ ፊደሉን ባሳደገ ቁጥር ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ እንኳ አያውቀውም። የምዕራፉን ቁጥርና አንቀጹ የሚጀምርባቸውን ሁለት ሦስት ቃላት ያዙ። በጆሮ የምትሰሙ ከሆነ ምዕራፉንና ደቂቃውን መዝግቡ። «ገጽ 112 ላይ ያለው» «የኔ 112 ላይ እንደሱ የሚል የለም» እየተባባሉ ሩብ ሰዓት ማጥፋት በጣም ያበሳጫል።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ስትገናኙ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የት ላይ ቆማችሁ?» በሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሞክሩትና እዩት።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አምስት ሆነን አንድ ልብ ወለድ አንብበን ነበር። መሀሉ ላይ አንዲት እናት ለብዙ ዓመታት ከጠፋው ልጇ ደብዳቤ ይደርሳታል። አትከፍተውም። መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ታሪኩም ይቀጥላል። ጭውውቱን የጀመርነው እንደ ወትሮው በፍርድ ነበር። አንዱ «ፈሪ ሴት ናት፣ አናደደችኝ» አለ። ሌላው «ጨካኝ ናት እንጂ ፈሪ አይደለችም» አለ። ፈሪ፣ ጨካኝ፣ ፈሪ፣ ጨካኝ። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፣ ሌሎቻችን ስልካችንን ማየት ጀመርን። እዚህ ጋ እስካሁን ዝም ብላ የነበረችው ጓደኛችን «ቆይ፣ ቦታውን ላንብበው» አለች። አነበበችው። ስድስት መስመር ነው። ሴትየዋ ደብዳቤውን ከማስቀመጧ በፊት የመሳቢያውን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

ማናችንም አላየነውም ነበር። አምስታችንም አንብበነዋል፣ አምስታችንም አልፈነዋል። አቧራውን ጠርጋ ነው ያስቀመጠችው! የማትፈልገውን ነገር ቦታ ጠርጎለት የሚያስቀምጥ አለ? ከዚያ በኋላ የነበረው ሁለት ሰዓት ሌላ ነው። ለምን በቀሚሷ? ሌላ ጨርቅ ፈልጋ እስክትመለስ ከእጇ ልታወጣው አልፈለገችም ይሆን? መሳቢያው ከዚያ በፊት የት ነው የተጠቀሰው? አንዱ ወደ ኋላ ገልጦ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አገኘው፤ የሟች ባሏ ሰዓት የሚቀመጥበት መሳቢያ ነው። ያ «ፈሪ ናት» ያለው ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እናቴም እንዲህ የምታስቀምጠው ነገር አላት» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ስለዚህ ክርክር ሲጋጋል «ቦታውን እናንብበው» የሚል አንድ ሰው ይኑር። ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ ለብቻው ጥቅም አለው። ዓይን ይዘላል፣ ጆሮ አይዘልም። ምልልሱ እውነተኛ ሰው የሚናገረው ይመስላል ወይስ የደራሲው ንግግር በገጸ ባሕርይ አፍ ነው? ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ወዲያው ይለያል።

መሣሪያዎቹን አትፍሯቸው

ትምህርት ቤት የተማርናቸው ቃላት አሉ። ሴራ፣ መቼት፣ ጭብጥ፣ አንጻር፣ ምልሰት። ብዙ ሰው ፈተና ስለሚያስታውሱት ይሸሻቸዋል። እኔ ግን እነዚህን ቃላት እወዳቸዋለሁ። ለምሳሌ መቼት «መቼ» እና «የት» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተጣምረው የወጣ ቃል ነው። ቃሉ ራሱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ታሪኩ ከተማ ውስጥ ባይሆን ምን ይቀየራል? ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆንስ፣ ሰዎቹ ስልክ ባይኖራቸው? ምንም የማይቀየር ከሆነ መቼቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሆኗል ማለት ነው፤ ይሄን ለጓደኞቻችሁ ንገሯቸው፣ ጥሩ ክርክር ይነሳበታል።

ሴራ ላይም እንዲሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 በሰጠው ተከታታይ ትምህርት ታሪክና ሴራን ለይቷቸው ነበር። በኔ ምሳሌ ልንገራችሁ። «ሰውየው ሥራ ለቀቀ፣ ከዚያ ወንድሙ ከቤት ወጣ» ብትሉ ታሪክ ነው፣ የሚጠየቀው «ከዚያስ?» ብቻ ነው። «ሰውየው ሥራ ስለለቀቀ ወንድሙ አፍሮበት ከቤት ወጣ» ካላችሁ ሴራ ነው፣ «ለምን?» ገባበት። አንድ ልብ ወለድ «ሩጫ ብቻ ሆነብኝ» ስትሉ ብዙ ጊዜ የጎደለው ያ «ለምን» ነው። ሁለት ምዕራፍ መርጣችሁ በመሀላቸው «ስለዚህ» የሚል ቃል ማስገባት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ቅሬታችሁ ስም አገኘ።

አንጻር ግን ከሁሉም ይበልጣል። ታሪኩን የሚነግረን ማነው? «እኔ» እያለ የሚተርክ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚነግረን፣ ሊዋሸንም ይችላል፣ ራሱንም ሊያታልል ይችላል። አንዲት ልምምድ አለች፣ እኛ ሁሌ እንሠራታለን። ሞቅ ያለ አንድ አንቀጽ ምረጡና «እኔ» የሚለውን ሁሉ «እሱ» ወይም «እሷ» እያደረጋችሁ አንብቡት። «በሩን ስከፍት ማንም አልነበረም» የነበረው «በሩን ስትከፍት ማንም አልነበረም» ይሆናል። ቀዘቀዘ? ወይስ እንዲያውም ተሻለ? አንዳንዴ ምንም አይቀየርም፣ ያን ጊዜ ደራሲው ለምን «እኔ»ን እንደመረጠ ግራ ይገባችኋል። አንዳንዴ ደግሞ አንቀጹ ብትንትኑ ይወጣል፣ ምክንያቱም ውበቱ ሁሉ ያ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር የደበቀው ነገር ላይ ነበር።

«ጠላኋት» እና «አልተሳለችም» ይለያያሉ

ይሄን በደንብ ብንለይ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። «ገጸ ባሕርይዋን ጠላኋት» ማለት ደራሲው ተሳክቶለታል ማለት ሊሆን ይችላል። ሰው የሚጠላው ያመነበትን ነገር ነው። «ገጸ ባሕርይዋ በደንብ አልተሳለችም» ሌላ ነው፤ ሰው አልመሰለችኝም፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ የተናገረችውን ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ያለ ምንም ምክንያት ረሳችው ማለት ነው። ይሄኛው ማስረጃ ይፈልጋል። ሁለቱን ምዕራፎች ገልጣችሁ አሳዩ። የመጀመሪያው ስለ እናንተ ስለሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም፣ ሌላ ሰውም ሊያርማችሁ አይገባም።

መጽሐፍ ጥላችሁ መተውም ነውር የለውም። ግን የት እንደተዋችሁት ንገሩን! «አልጨረስኩትም» ብሎ አንገቱን የሚደፋ ሰው ሳይ እቆጫለሁ። «ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ሦስተኛው ሰርግ ሲመጣ ተውኩት» የሚል አንባቢ ጨርሶ «ጥሩ ነው» ከሚለው ይልቅ ብዙ ነገር ይሰጠናል።

የተለየ ጣዕም ያለውን ሰው አትናቁ። የፍቅር ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ፣ የወንጀል ምርመራ ብቻ የሚያነብ፣ ልብ አንጠልጣይ ካልሆነ የማይገልጥ አለ። እነዚህ አንባቢዎች በአንድ ዘርፍ ውስጥ መቶ መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው፣ ደራሲው የት ጋ እንደቆረጠ፣ የት ጋ እንዳጭበረበረ ከማናችንም በፊት ያዩታል። እኔ ፍንጭ አሰጣጥን የተማርኩት የወንጀል ልብ ወለድ ብቻ ከምታነብ ጓደኛዬ ነው። ገዳዩን በምዕራፍ አራት ታውቀዋለች። እንዴት አወቅሽ ስላት «ያለ ሥራ ሁለት ጊዜ ስሙ ተነሳ» አለችኝ።

መጨረሻውን ስለ ማውራት

አጭር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ማን የት እንደደረሰ ተጠያየቁ። ያልጨረሰ ካለ እሱ የደረሰበት ምዕራፍ ድረስ ብቻ አውሩ፣ የቀረውን ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት አቆዩትና እሱ መሄድ ወይም መቆየት ይምረጥ። «መጨረሻው ላይ ትደነግጣለህ፣ ምንም አልነግርህም» ማለትም መናገር ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ እየተዝናና አያነብም፣ ድንጋጤውን እየጠበቀ ነው የሚያነበው።

ደራሲው የት ይግባ?

ስለ ደራሲ ማውራት ደስ ይላል። የት አደገ፣ ማንን አገባ፣ ለምን አሥር ዓመት ሳይጽፍ ቆየ። ክፋት የለውም። ነገር ግን ጭውውቱ በደራሲው ከተጀመረ መጽሐፉ ይጠፋል። «ይሄ የራሱ ታሪክ ነው፣ ሚስቱ ስለተወችው ነው የጻፈው» የሚል ሰው ይመጣል፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሁላችንም ስለ ሰውየው ትዳር ነው የምናወራው። ደግሞስ ማን ነገረው? «እኔ» የሚለው ተራኪ ደራሲው አይደለም። ነፍሰ ገዳይ «እኔ» እያለ የሚተርክበትን ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ማንንም አልገደለም።

ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ አጭር ጽሑፉ ደራሲው ሞቷል እስከ ማለት ደርሷል፤ ትርጉም የሚሠራው አንባቢው ነው፣ የደራሲውን ሐሳብ ፍለጋ አንሂድ ነው ነገሩ። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። ደራሲው የኖረበትን ዘመን ማወቅ አንዳንድ ገጽ ያበራል። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምከራከረው። መጀመሪያ ገጹ፣ ከዚያ ሰውየው።

ለዚህ የምወዳት አንዲት እውነተኛ ታሪክ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሜሪ አን ኢቫንስ የምትባል ሴት ጆርጅ ኤልየት በሚል የወንድ ስም መጻፍ ጀመረች። አንባቢው ወንድ መሰለው። ታዋቂው ደራሲ ቻርለስ ዲከንስ ግን የመጀመሪያ ታሪኮቿን አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1858 ለደራሲው ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ይሄን የጻፈችው ሴት ትመስለኛለች አለ። ስለ ደራሲዋ የነገረው አልነበረም። ከገጹ ነው ያየው። እኔ ስለ ደራሲ ማውራት የምወደው እንዲህ ሲሆን ነው።

ደራሲው ወይም ደራሲዋ በአካል ከተገኙስ? ዕድለኞች ናችሁ፣ አታባክኑት። «ሐሳቡ ከየት መጣልዎ?» የሚለውን ሺህ ጊዜ መልሰውታል። ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። «እዚህ ምዕራፍ ላይ አባትየው ስም የለውም፣ ሌሎቹ ሁሉ ስም አላቸው። መጀመሪያ ስም ነበረው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያበራ ፊት ታያላችሁ። ያልወደዳችሁትንም መናገር ይቻላል፣ በአክብሮት፣ ቦታውን አሳይታችሁ።

ትርጉም ካነበባችሁ ደግሞ ተርጓሚውን በስም አንሱ። ያን ውብ ዓረፍተ ነገር በቋንቋችሁ የሠራው እሱ ነው። በተቻለ መጠን አንዱን አንቀጽ ከሁለት የተለያዩ ትርጉሞች አወዳድሩ። ከዚህ በላይ ስለ ቃል ምርጫ የሚያስተምር ነገር አላውቅም።

ስለ ኅትመት ዓለም ስታወሩ

እዚህ ጋ ነው ወሬ የሚበዛው። «ሰው ማንበብ አቁሟል።» «አሁን የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።» «የወረቀት መጽሐፍ አለቀለት።» እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ በቀስታ «የት አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክስ አይደለም፣ ገጹን መጠየቅ ነው። ሦስት ርዕስ ቢጠራላችሁ እንኳ ጭውውት ተጀመረ።

ጥቂት ነገር ብታውቁ ወሬው መሬት ይይዛል። ለምሳሌ በስልክ ክፍል በክፍል የሚለቀቁ ልብ ወለዶች አዲስ ነገር ተደርገው ይወራሉ። ዲከንስ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ በየወሩ ቁራጭ ቁራጭ እያደረገ ነው ያወጣው። አንባቢው አንድ ወር ሙሉ ይጠብቃል። በክፍል የሚወጣ ታሪክ መጨረሻው ላይ የሚያንጠለጥል ነገር ያስፈልገዋል፣ ያለዚያ ቀጣዩን ማንም አይገዛም። ስለዚህ እንዲህ ወጥቶ በኋላ አንድ ላይ የተጠረዘ ልብ ወለድ ስታነቡ ስፌቱን ፈልጉ። በየስንት ገጹ ነው ሰው በር የሚያንኳኳው? አንዴ ካያችሁት በኋላ በሁሉም ቦታ ታዩታላችሁ።

መልክ ሲቀየር አንባቢ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ እንግሊዝ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ልብ ወለዶችን በለስላሳ ሽፋን በርካሽ ማውጣት ሲጀምር፣ ጠንካራ ሽፋን መግዛት የማይችል ሰው መጽሐፍ ገዛ። ኪንድል እ.ኤ.አ. በ2007 መጣ። የወረቀት መጽሐፍ ግን ዛሬም አለ። አንዱ ሌላውን ገደለ ከማለት ይልቅ «አንተ በየትኛው ነው ያነበብከው፣ ምንስ ተቀየረብህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በጆሮው የሰማ ጓደኛዬ የአንድን ገጸ ባሕርይ ቀልድ ቁም ነገር አድርጎት ነበር፤ ተራኪው በከባድ ድምፅ ነው ያነበበው። ይሄ ራሱ የአንድ ሰዓት ወሬ ነው።

«አሁን ሁሉም እንዲህ ዓይነት ልብ ወለድ ነው የሚጽፈው» የሚል ሲመጣ የጊዜውን ርቀት አስታውሱት። በትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ ውል ተፈርሞ መጽሐፍ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ከዚያ በፊት ደግሞ የመጻፊያው ጊዜ አለ። ዛሬ መደርደሪያው ላይ የምታዩት የትናንት ምርጫ ነው። ሽፋኖች የሚመሳሰሉትም በምክንያት ነው። አንዱ ሲሸጥ ሌላው ያንን ቀለም፣ ያንን የፊደል ዓይነት ይወስዳል፣ «ያንን ከወደድክ ይሄንንም ትወዳለህ» ለማለት። ውስጡ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሽፋን የተነሳ «ተመሳሳይ ናቸው» ከማለታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡ።

ሽያጭና ሽልማትንም እንለይ። የአሜሪካው ጋዜጣ የኒው ዮርክ ታይምስ የምርጥ ሽያጭ ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ አለ፣ የሚቆጥረው የሳምንት ሽያጭ ነው። በአንድ ሳምንት ብዙ የተሸጠ ይገባል። አሥር ዓመት ሙሉ በዝግታ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ልብ ወለድ አንድም ቀን ላይገባ ይችላል። ሽልማትም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የሚሰጠው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በአብዛኛው የአንድን ደራሲ የሕይወት ዘመን ሥራ ያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ቡከር የሚባለው የእንግሊዝ ሽልማት ግን አንድን ልብ ወለድ ነው የሚሸልመው። «ኖቤል ያገኘበት መጽሐፍ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

ሌላ ማንም የማያነባት ገጽ አለች፤ ከርዕሱ ጀርባ ያለችው፣ የኅትመት መረጃ የሚሰፍርባት። አንብቧት። መጀመሪያ መቼ ታተመ? ይሄ ስንተኛው እትም ነው? እንደገና ታተመ ወይስ ተሻሽሎ ታተመ? ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፣ ግን ደራሲው አንድ ምዕራፍ ቀይሮ ከሆነ እናንተና ጓደኛችሁ የተለያየ መጽሐፍ ነው ያነበባችሁት። አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፉ መለያ ቁጥርም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ 13 አኃዝ አለው፣ ከዚያ በፊት 10 ነበር፣ ለስላሳ ሽፋኑና ጠንካራ ሽፋኑም የተለያየ ቁጥር ነው የሚይዙት። የወረቀት መጽሐፋችሁ ቁጥር አንድ ከሆነ ገጻችሁም ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልናገር። ስለምንወደው ደራሲ ስናወራ ውለን መጽሐፉን በስካን ከእጅ ወደ እጅ ማዞር አይገባም። ደራሲ የሚያገኘው ከተሸጠው ላይ ትንሽ መቶኛ ነው። መግዛት ካልተቻለ መዋዋስ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ አዋጥቶ አንድ ገዝቶ በተራ ማንበብ አለ። ሦስተኛውን እኛ ብዙ ጊዜ አድርገነዋል፣ እንዲያውም የቀደመው ሰው ምልክት ላይ የራስን ምልክት መጨመር ደስ ይላል።

ሰብሰብ ብላችሁ ስትቀመጡ

ከአራት እስከ ሰባት ሰው ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት ሰው ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። መጽሐፍ በድምፅ ብልጫ አትምረጡ፣ ሁሌ የመሀለኛው ነው የሚያሸንፈው። በተራ አንድ ሰው ይምረጥ፣ ሌላው አያጉረምርም። የመረጠው ሰው ግን በመጽሐፉ ዕለት መጀመሪያ አይናገር፤ እሱ ከጀመረ ሌላው ላለማስቀየም ምላሱን ይይዛል።

ዝም ያለውን ሰው «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላችሁ አታስጨንቁት። «ምልክት ያደረግክበትን አንድ ቦታ አንብብልን» በሉት። ሐሳብ ማቅረብ የሚፈራ ሰው ማንበብ አይፈራም፣ አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ ለምን እንደመረጠው ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ብዙ የሚያወራውን ሰውም በዚሁ መንገድ መግታት ይቻላል። «የት ጋ ነው እሱ?» ስትሉት መግለጥ ይጀምራል፣ እስኪያገኘው ሌላው ይናገራል።

ማንም ምልክት ሳያደርግ የመጣበት ቀንም አለ። ሥራ በዝቶ፣ ልጅ ታሞ፣ በጥድፊያ የተነበበበት። አትበትኑት። መጽሐፉን ከመሀሉ ክፈቱና የወጣውን ገጽ አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ ገጹ ላይ ያለው ሰው አሁን ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ፣ ምን እንደከለከለውም ጠይቁ። ያቺን እናትና መሳቢያዋን ከዓመት በኋላ እንደገና ያገኘናት እንዲህ ከፍተን ነው። በዚያን ቀን ደግሞ አንዱ «ቆይ፣ ደብዳቤውን ያመጣላት ማነው?» አለ። ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ሄድን።